«ብልኅ መስተዋት» እንደ ትምህርት መርጃ መሣሪያ፦ ሒሳዊ ግምገማ

በእጅ የሚሠራ የትምህርት መርጃ መሣሪያ ለኢትዮጵያ መምህራን እንግዳ ነገር አይደለም። በ1970ዎቹ በየአውራጃው የተቋቋሙት የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከላት መምህሩ ከአካባቢው በሚያገኘው ካርቶን፣ ቆርቆሮ፣ ሸክላና እንጨት የማስተማሪያ መሣሪያ እንዲሠራ ያበረታቱ ነበር። መነሻ ሐሳባቸው ግልጽ ነበር፤ ይኸውም መሣሪያውን በእጁ የሠራ ሰው አሠራሩን ያውቀዋል፣ አሠራሩን ያወቀም ለሌላው ማስረዳት አያቅተውም የሚል ነው። ሐሳቡ ዛሬም ዋጋውን አላጣም። ይሁን እንጂ የሚገጣጠመው ነገር ካርቶንና ቆርቆሮ መሆኑ ቀርቶ አነስተኛ ኮምፒዩተር፣ ካሜራና አስቀድሞ የተዘጋጀ ሶፍትዌር ሲሆን፣ «በእጅ መሥራት» እና «አሠራሩን ማወቅ» የሚባሉት ሁለት ነገሮች መንገድ ሊለያዩ ይችላሉ።

ይህ ልዩነት ጎልቶ ከሚታይባቸው ሥራዎች አንዱ «ብልኅ መስተዋት» በመባል የሚታወቀው፣ በቤት ውስጥ ሊሠራ የሚችለው መሣሪያ ነው። በተለይም ከፊቱ የቆመውን ሰው በመልኩ ለይቶ በስሙ ሰላምታ እንዲሰጥ ተደርጎ ሲሠራ፣ ለኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ መምህራንና ለሳይንስ ክበባት እጅግ ማራኪ ይሆናል። ውጤቱ ለዐይን የሚስብ ነው፤ ለትምህርት ቤት የበዓል ቀን ሠርቶ ማሳያም ይመቻል። ይህ ግምገማ የሚያተኩረው ግን መስተዋቱ በመሥራቱና ባለመሥራቱ ላይ ሳይሆን፣ በመምህራን ማሠልጠኛ ውስጥ መሣሪያውን ሠርቶ የጨረሰ ሠልጣኝ ምን አውቆ ይወጣል በሚለው ጥያቄ ላይ ነው።

የመስተዋቱ አሠራር

መሣሪያው ውስብስብ አይደለም። ከፊት የሚቀመጠው ከሚያርፍበት ብርሃን ከፊሉን የሚመልስና ከፊሉን የሚያሳልፍ መስተዋት ነው። ከእርሱ ጀርባ ጠፍጣፋ ሞኒተር፣ ከሞኒተሩ ጀርባ ደግሞ ከመዳፍ የማትበልጥ ኮምፒዩተር ትደረጋለች፤ ሁሉንም የሚይዘው የእንጨት ሣጥን ነው። ፊዚክሱም ለማንኛውም መምህር ቅርብ ነው። ማታ መብራት በበራበት ክፍል ውስጥ ሆኖ ወደ መስኮት የሚመለከት ሰው የሚያየው የራሱን ምስል ነው፤ በውጪ በጨለማ የቆመው ሰው ግን በዚያው መስኮት ውስጡን አጥርቶ ያያል። ብልኅ መስተዋት የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ከጀርባው ያለው ሣጥን ጨለማ በመሆኑ መስተዋቱ መስተዋት ሆኖ ይቀራል፤ በሞኒተሩ ጥቁር መደብ ላይ በነጭ የሚጻፈው ሰዓት፣ ቀን ወይም ማስታወቂያ ግን የራሱ ብርሃን ስላለው መስተዋቱን አልፎ ከተመልካቹ ምስል ጎን ይነበባል።

ሥራውን በሰፊው ያስተዋወቀው ማይክል ቴው የተባለ ሆላንዳዊ ነው። እርሱ እ.ኤ.አ. በ2014 በቤቱ የሠራውን መስተዋት አሠራር ለሕዝብ ይፋ አደረገ፤ በ2016 ደግሞ ማንም ሰው የራሱን ክፍል እየሠራ ሊቀጥልበት በሚችል መልክ እንደገና አዘጋጅቶ አቀረበው። የሚሠራበትም ኮምፒዩተር እ.ኤ.አ. በ2012 በብሪታንያ ለትምህርት ተብሎ በዝቅተኛ ዋጋ ለገበያ የቀረበው ራስፕቤሪ ፓይ ነው። ስለዚሁ ኮምፒዩተር በማግፓይ ስም ይታተም የነበረው መጽሔት 50ኛ እትሙን ባወጣ ጊዜ፣ አንባቢዎች ከሁሉ የላቀ ሥራ ብለው በድምፃቸው የመረጡት ይህንኑ መስተዋት ነበር።

እስከዚህ ድረስ ሥራው ሊመሰገን የሚገባው ነው። የእንጨት ሥራ፣ የብርሃን ትምህርት፣ የኤሌክትሪክ ጥንቃቄና የኮምፒዩተር ትእዛዝ አጻጻፍ በአንድ ሣጥን ውስጥ ይገናኛሉ። ልዩው መስተዋት ባይገኝ በተራ የመስኮት መስተዋት ላይ አንጸባራቂ ላስቲክ በመለጠፍ ተቀራራቢ ውጤት ይገኛል፤ ከቢሮ የተወገደ አሮጌ ሞኒተርም ያገለግላል። ከሁሉ የሚበልጠው ጠቀሜታው ግን ሌላ ነው። በሣጥኑ መገጣጠሚያ በኩል ብርሃን የገባ እንደሆነ መስተዋቱ ይደበዝዛል፣ ጽሑፉም ይፈዛል። ሠልጣኙ ጉድለቱን ወዲያው ያየዋል፤ ቀዳዳውን ፈልጎ በጥቁር ወረቀት ሲደፍነው መስተዋቱ ይጠራል። ስሕተቱ በዐይን ይታያል፣ መፍትሔውም በእጅ ይገኛል። ጥሩ የትምህርት መርጃ መሣሪያ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ካሜራው ሲጨመር

ይህ መልካም ጠባይ የሚቋረጠው ካሜራው ሲጨመር ነው። ፊት ለይቶ የሚያውቅ መስተዋት እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዱ መመሪያዎች በአብዛኛው አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። ስለ ሣጥኑ ስፋትና ስለ ምስማሩ ርዝመት ብዙ ከተናገሩ በኋላ፣ ወደ ፊት መለየት ሲደርሱ ነገሩን በጥቂት መስመር ይገላግሉታል፦ ተዘጋጅቶ የተቀመጠውን ሶፍትዌር አምጣ፣ የቤተሰቡን ፎቶግራፍ አንሣ፣ «አሠልጥን» የሚለውን ትእዛዝ ስጥ፣ ተፈጸመ። ስለ እንጨቱ በሚገባ የተማረ ሠልጣኝ ስለ ፊቱ ምንም ሳይማር ይወጣል። ከዚያም መስተዋቱ በስሙ ሲጠራው «ዐወቀኝ» ይላል። በትምህርት ዓይን ሲታይ ከዚህ ቃል የከፋ ውጤት የለም፤ መሣሪያው የሚያደርገው ማወቅ ሳይሆን መለካትና ማነጻጸር ነውና።

በእርግጥ ውስጡ ሲታይ ሥራው ሁለት የተለያዩ ተግባራትን ይዟል። የመጀመሪያው በምስሉ ውስጥ ፊት መኖሩን ማግኘት ነው፤ ሁለተኛው የተገኘው ፊት የማን እንደሆነ መለየት ነው። መመሪያዎቹ እነዚህን ሁለቱን አደባልቀው ስለሚያቀርቡ፣ መስተዋቱ ዝም ያለ እንደሆነ ፊት አላገኘ ይሁን ወይስ ያገኘውን ፊት አልለየ ይሁን ሠልጣኙ ሊናገር አይችልም።

ፊትን ለማግኘት በቤት ሠራሽ መስተዋቶች ለረጅም ጊዜ ያገለገለው ዘዴ ፖል ቫዮላና ማይክል ጆንስ እ.ኤ.አ. በ2001 ያቀረቡት ነው። ምስሉን ቁመቱም ወርዱም 24 ነጥብ በሆነ ትንሽ መስኮት እየቃኘ፣ ፊት ላይ የሚገኙ የብርሃንና የጥላ አሰላለፎችን ይፈልጋል፤ ለምሳሌ የዐይን አካባቢ ከጉንጭ ይልቅ ጠቆር ማለቱን፣ የአፍንጫ ግንድ ከሁለቱ ዐይኖች ይልቅ ፈካ ማለቱን። የትኛው አሰላለፍ እንደሚበጅ የተመረጠው በሺህ የሚቆጠሩ የፊት ምስሎችን በማሳየት ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ፊት ማለት ምን እንደሆነ መሣሪያው የተማረው ከእነዚያ ምስሎች ብቻ መሆኑ ነው።

የማንነት መለያው ደግሞ ከዚህ የበለጠ ለክፍል ውስጥ ትምህርት የተመቸ ነው። ለመምህራን ማሠልጠኛ ትልቁ የታጣ ዕድልም ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ከተለመዱት ዘዴዎች አንዱ ያለ ምንም ኮምፒዩተር፣ ካሬ መስመር ባለው የሒሳብ ደብተር ላይ በእርሳስ ሊሠራ ይችላል። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በፊንላንድ ኡሉ ዩኒቨርሲቲ የቁሶችን ገጽ ልስላሴና ሸካራነት ለመለየት የተቀየሰ ሲሆን፣ በ2004 ለፊት መለያ ሥራ ላይ ውሏል። ካሜራው እያንዳንዱን የምስል ነጥብ እንደ ድምቀቱ ከ0 እስከ 255 በሚደርስ ቁጥር ይመዘግበዋል፤ 0 ጥቁር፣ 255 ነጭ ነው። አንድ ነጥብ ይወሰድና በዙሪያው ካሉት ስምንት ጎረቤቶቹ ጋር ይነጻጸራል። ጎረቤቱ ከመካከለኛው ጋር እኩል ወይም የበለጠ ድምቀት ካለው 1፣ ያነሰ ከሆነ 0 ይጻፋል።

ነገሩን በምሳሌ መመልከት ይቀላል። የመካከለኛው ነጥብ ድምቀት 90 ይሁን። ጎረቤቶቹ ከላይኛው ግራ ጥግ ተነሥተው ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ሲነበቡ 120፣ 85፣ 97፣ 60፣ 90፣ 140፣ 72 እና 88 ናቸው እንበል። በሕጉ መሠረት 1፣ 0፣ 1፣ 0፣ 1፣ 1፣ 0፣ 0 ይገኛል። ይህ በሁለትዮሽ የቁጥር ሥርዓት ሲነበብ 128 ሲደመር 32 ሲደመር 8 ሲደመር 4፣ በድምሩ 172 ይሆናል። አሁን በክፍሉ ውስጥ መብራት ተጨምሮ የሁሉም ነጥቦች ድምቀት በ30 ከፍ ቢል፣ መካከለኛው 120፣ ጎረቤቶቹ 150፣ 115፣ 127፣ 90፣ 120፣ 170፣ 102 እና 118 ይሆናሉ። ተማሪው እንደገና ቢያሰላ የሚያገኘው ያንኑ 172 ነው። ዘዴው የተወደደበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ብርሃኑ በአንድነት ቢጨምርም ወይም በመጠኑ ቢቀንስም ውጤቱ አይናወጥም።

ነገር ግን ትምህርቱ እዚህ ላይ መቆም የለበትም። ብርሃኑ እጅግ ወርዶ ወደ ሃያኛ እጅ ደረሰ እንበል። ካሜራው የሚመዘግበው ሙሉ ቁጥር ብቻ ስለሆነ ክፍልፋዩ ይጣላል። መካከለኛው 4፣ ጎረቤቶቹም 6፣ 4፣ 4፣ 3፣ 4፣ 7፣ 3 እና 4 ሆነው ይቀራሉ። ቀድሞ በ85 እና በ90፣ በ88 እና በ90 መካከል የነበረው ልዩነት ጠፍቷል። አዲሱ ንባብ 1፣ 1፣ 1፣ 0፣ 1፣ 1፣ 0፣ 1 ሲሆን፣ ድምሩ 237 ነው። ፊቱ ያው ፊት፣ ሰውየውም ያው ሰው ነው፤ ቁጥሩ ግን ሌላ ሆኗል። ዘጠኝ ቁጥርና አንድ እርሳስ የያዘ ተማሪ ከዚህ ስሌት የሚያገኘው ግንዛቤ፣ ሦስት ትእዛዝ ጽፎ መስተዋት ሰላምታ ሲሰጠው ከሚያገኘው ይበልጣል።

የስሌቱም ትርጉም ከወረቀት የሚያልፍ ነው። ጠቆር ያለ ቆዳ የሚመልሰው ብርሃን ያነሰ በመሆኑ፣ ብርሃን በጎደለበት ቦታ ልዩነቶቹ ቀድመው የሚጠፉት በእርሱ ላይ ነው። ካሜራ ብርሃን ሲያንሰው በራሱ ለማካካስ ይሞክራል፤ ከሰውየው ጀርባ ብሩህ መስኮት ካለ ግን የሚያስተካክለው ለመስኮቱ እንጂ ለፊቱ አይደለም። በዚህ ላይ ካሜራውን ለማሳመር ሲባል ከመስተዋቱ ጀርባ የደበቀው ሠሪ፣ ሊደርሰው የሚገባውን ብርሃን አብዛኛውን ወደ ክፍሉ እንዲመለስ አድርጎበታል። የመሣሪያው ውበትና የመሣሪያው ትክክለኛነት እዚህ ላይ ይጋጫሉ፤ መመሪያዎቹ ግን የሚጨነቁት ለውበቱ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የድግግሞሽ ሠንጠረዥ ነው። የፊቱ ምስል እንደተለመደው ወርድና ቁመቱ 8 በ8 ሆኖ ለ64 ክፍሎች ይከፈላል፤ በየክፍሉ ውስጥ ከ0 እስከ 255 ካሉት ቁጥሮች እያንዳንዱ ስንት ጊዜ እንደተገኘ ይቆጠራል። በጠቅላላው 16,384 ቁጥሮች ይሆናሉ። አዲስ ፊት ሲመጣ ቁጥሮቹ ከተመዘገቡት ጋር ይነጻጸሩና ልዩነቱ አነስተኛ የሆነው ሰው ስም ይነገራል። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ወጥመድ አለ። መሣሪያው የመለያ ገደብ ካልተሰጠው በቀር «ይህን ሰው አላውቀውም» ማለት አይችልም፤ ፈጽሞ ያልተመዘገበ እንግዳ ቢመጣ ከተመዘገቡት መካከል የሚቀርበውን ሰው ስም ይሰጠዋል። ገደቡን የሚወስነው ደግሞ ሠሪው ነው። ገደቡ ቢጠብቅ የቤቱን ባለቤት ይክዳል፤ ቢላላ መንገደኛውን በባለቤቱ ስም ይጠራል። ከሁለቱ ስሕተቶች የትኛው ይሻላል የሚለውን ኮምፒዩተሩ አይመልስም፤ በመመሪያዎቹም ውስጥ ጥያቄው ሲነሣ ብዙም አይታይም።

ትንሽ ነገር ቢመስልም የቃል ችግር መኖሩም ሊጠቀስ ይገባል። ለዚህ ሥራ በስፋት የሚያገለግለው ኦፕን ሲቪ የተባለው የሶፍትዌር ስብስብ፣ ከስሙ ጋር የሚመልሰውን ቁጥር «ኮንፊደንስ» ይለዋል፤ ትርጉሙ እርግጠኝነት ማለት ነው። ቁጥሩ ግን የርቀት ልክ ነው። 0 ፍጹም መመሳሰልን ያመለክታል፣ ቁጥሩ በጨመረ መጠንም መመሳሰሉ ይቀንሳል። 80 የሚል ቁጥር አይቶ «በመቶ ሰማንያ እርግጠኛ ነው» ብሎ የሚጽፍ ሠልጣኝ ነገሩን ገልብጦታል። ወደ አማርኛ ሲመለስ «ርቀት» መባል ይኖርበታል።

መለኪያው በማን ፊት ተሠራ?

በኋላ የመጡት ዘዴዎች ከዚህ የረቀቁ ናቸው። በቤት ሠሪዎች ዘንድ የተለመደው አንዱ እያንዳንዱን ፊት ወደ 128 ቁጥሮች ለውጦ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ይለካል፤ ርቀቱ ከ0.6 በታች ከሆነ አንድ ሰው ነው ይላል። ትክክለኛነቱ 99.38 በመቶ እንደሆነ ይነገርለታል። መምህር ይህን ቁጥር ሲያነብ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «ፈተናው ምን ነበር? ተፈታኙስ ማን ነበር?» ብሎ ነው። ፈተናው እ.ኤ.አ. በ2007 በዩናይትድ ስቴትስ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ይፋ የሆነ፣ ከዜና ፎቶግራፎች የተለቀመ 13,233 ምስሎችን የያዘ ስብስብ ነው፤ ምስሎቹ የ5,749 ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 በቀረበ ግምት መሠረት በስብስቡ ውስጥ ካሉት ከ77 በመቶ በላይ ወንዶች፣ ከ83 በመቶ በላይም ነጮች ናቸው። በአንድ ክፍለ ሀገር ተማሪዎች ብቻ ተሞክሮ የወጣን የፈተና ውጤት ለአገሪቱ ሁሉ መለኪያ አድርጎ የሚወስድ የምዘና ባለሙያ የለም፤ እዚህም ሕጉ ያው ነው።

የዚሁ ሶፍትዌር አዘጋጅ ራሱ በጽሑፍ ያሠፈረው ማስጠንቀቂያ ደግሞ ለትምህርት ቤት ሰዎች ከሁሉ ይበልጥ ይመለከታል። መለያው የሠለጠነው በአዋቂዎች ፊት ስለሆነ በሕፃናት ላይ ደኅና አይሠራም፤ በተለመደው ገደብም ሕፃናትን እርስ በርስ ያምታታል። ይህ ማስጠንቀቂያ በግልጽ ተጽፎ ሳለ፣ መስተዋቱን በትምህርት ቤት አዳራሽ መስቀል የሚያስቡ ሰዎች የሚጠቅሱት 99.38 የሚለውን ብቻ መሆኑ ያሳዝናል።

የጉዳዩ ታሪክ ራሱ ከመስተዋት ጋር የተያያዘ ነው። ጆይ ቡኦላምዊኒ የተባለችው፣ ከጋናውያን ወላጆች የተወለደች ተመራማሪ በዩናይትድ ስቴትስ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪ በነበረችበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ግድም፣ ተመልካቹ በራሱ ፊት ላይ ሌላ ምስል ደርቦ የሚያይበት መስተዋት ትሠራ ነበር። መስተዋቱ እንዲሠራ ፊቷን ማግኘት ነበረበት፤ አላገኘውም። ነጭ የፊት ጭንብል ስታጠልቅ ግን ወዲያው አገኘው። ብዙ ሠሪ እዚህ ላይ የመብራቱን አቅጣጫ ቀይሮ ያልፍ ነበር፤ እርሷ ግን ስሕተቱን የሥራዋ ርእስ አደረገችው። ቀጥሎም አዲስ አበባ ከተወለደችው ከትምኒት ገብሩ ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ2018 ጥናት አወጣች። ሁለቱ ተመራማሪዎች ከሩዋንዳ፣ ከሴኔጋል፣ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከአይስላንድ፣ ከፊንላንድና ከስዊድን የምክር ቤት አባላት የተውጣጡ የ1,270 ሰዎችን ምስል ሰብስበው፣ ከፊት ምስል ጾታን የሚለዩ የሦስት ኩባንያዎችን ሶፍትዌሮች ፈተኑ። ቆዳቸው ፈካ ባሉ ወንዶች ላይ ስሕተቱ ቢበዛ 0.8 በመቶ ሲሆን፣ ቆዳቸው ጠቆር ባሉ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ደርሶ ተገኘ።

ጥናቱ የጾታ መለያን እንጂ የማንነት መለያን አልፈተነም፤ ይህን ሳይለዩ የሚጠቅሱት ሰዎች ስላሉ ማሳሰብ ያስፈልጋል። ማንነትን በሚመለከት የዩናይትድ ስቴትስ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2019 በ99 አዘጋጆች የተሠሩ 189 መለያዎችን መርምሮ ሪፖርት አቅርቧል። ሁለት የተለያዩ ሰዎችን እንደ አንድ ሰው የመቁጠር ስሕተት በብዙዎቹ መለያዎች ላይ ከቡድን ቡድን ከ10 እስከ 100 እጥፍ እንደሚለያይ፣ ከፍተኛውም በምዕራብ አፍሪካ፣ በምሥራቅ አፍሪካና በምሥራቅ እስያ ሰዎች ላይ እንደታየ አሳይቷል። በዕድሜ በኩልም ስሕተቱ በሽማግሌዎችና በሕፃናት ላይ ይበረታል። የምሥራቅ አፍሪካ ሕፃን ማለት እንግዲህ የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ተማሪ ነው።

ከኮሌጅ ወደ ትምህርት ቤት በር

በቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ መስተዋት ስም ቢሳሳት አሥቆ ያልፋል። ይኸው መሣሪያ ከትምህርት ቤት በር ላይ ተተክሎ የተማሪዎችን መገኘት እንዲመዘግብ ከተደረገ ግን ስሕተቱ የሚጻፈው በተማሪው መዝገብ ላይ ነው። የክፍል ኃላፊ መምህር ስም ሲጠራ ቢሳሳት ተማሪው እጁን አውጥቶ «አለሁ» ይላል፤ ለመስተዋት ግን እጅ አይወጣለትም። ሐሳቡ ለዕቅድ አውጪ ማማለሉ አይቀርም፤ ጊዜ ይቆጥባል፣ ወረቀት ያስቀራል፣ ዘመናዊም ያሰኛል።

በስዊድን ሸለፍቴኦ ከተማ የሚገኝ አንደርስቶርፕ የተባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይህንኑ በ22 ተማሪዎች ላይ ለጥቂት ሳምንታት ሞክሮ ነበር። የአገሪቱ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 2019 የ200,000 ክሮነር ቅጣት ጣለ። ትምህርት ቤቱ ፈቃድ ጠይቄያለሁ ብሎ ተከራክሮ ነበር፤ ባለሥልጣኑ ግን ተማሪ በትምህርት ቤቱ ሥልጣን ሥር ስለሆነ የሚሰጠው ፈቃድ ነጻ ፈቃድ ሊባል አይችልም፣ መገኘትንም ፊት ሳይመዘገብ መቆጣጠር ይቻላል አለ። ይህ አስተያየት ለመምህር ይበልጥ ይገባዋል። መምህር በጠየቀው ጊዜ «እምቢ፣ ፎቶግራፌ አይነሣም» ብሎ በድፍረት የሚመልስ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ በየትኛው ትምህርት ቤት ይገኛል? የኒው ዮርክ ግዛትም እ.ኤ.አ. በ2023 ፊት ለይቶ የማወቅ ቴክኖሎጂን ከትምህርት ቤቶች ከልክሏል። በኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንደ ፊትና እንደ ጣት አሻራ ያሉ የአካል መለያዎችን ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች ጎን መድቧቸዋል። ስለሆነም የተማሪዎችን ፊት ለክበብ ሥራ ብሎ በአንዲት ማኅደረ ትውስታ ላይ ማከማቸት እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ መስተዋቱ ከመምህራን ማሠልጠኛ ይውጣ ማለት ተገቢ አይሆንም። የሚወገዘው ትምህርቱ በተሳሳተ ቦታ ላይ መቆሙ ነው። መስተዋቱ መጀመሪያ ያለ ካሜራ ይሠራ፤ ፊዚክሱም እንጨቱም በዚያ ይጠናቀቅ። ቀጥሎ ሠልጣኞች የዘጠኙን ነጥብ ስሌት በደብተራቸው ይሥሩ፤ እያንዳንዱ ሠልጣኝ የራሱን ዘጠኝ ቁጥሮች መርጦ ብርሃኑን ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ ቁጥሩ በየትኛው ደረጃ እንደሚለወጥ ይፈልግ። ካሜራው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የሚመዘገቡትም ተማሪዎች ሳይሆኑ ፈቃደኛ የሆኑ፣ ለአካለ መጠን የደረሱ ሠልጣኞች ብቻ ይሁኑ። ያልፈቀደ ሠልጣኝም የስሌቱንና የሠንጠረዡን ሥራ ይዞ ያለ ምንም የነጥብ ቅናሽ ሊያልፍ ይገባል።

ሙከራውም ሰላምታ ለማስጮኽ ሳይሆን ስሕተት ለመቁጠር የታቀደ ቢሆን ይበጃል። ጥቂት ፈቃደኞች፣ ለእያንዳንዳቸው አሥር ሙከራ፤ አንድ ጊዜ ከመስኮት ፊት ለፊት፣ አንድ ጊዜ ጀርባቸውን ለመስኮት ሰጥተው፣ አንድ ጊዜ ማታ በአምፖል ብርሃን። ነጠላ ተከናንበው፣ መነጽር አድርገው፣ ሻሽ አስረው። በሠንጠረዡ ላይ «በትክክል ለየ»፣ «በሌላ ሰው ስም ጠራ»፣ «ፊት አላገኘም» የሚሉ ሦስት ዓምዶች ይኑሩ፤ ሦስተኛው ዓምድ ከሁለተኛው ጋር በፍጹም አይደባለቅ። ያልተመዘገበ ሰውም ከፊቱ ይቁም፤ የተመዘገበ ሰው ፎቶግራፍም በወረቀት ታትሞ ይቅረብለት። ከእነዚህ ቀላል ዘዴዎች ብዙዎቹ ወረቀቱን ከሰው አይለዩም፤ ይህን በዐይኑ ያየ ሠልጣኝ መሣሪያውን ለበር ጥበቃ የሚያቀርብ ነጋዴ ሲመጣበት የሚጠይቀውን ያውቃል። በእርግጥ ከአሥር ሰው የተገኘ ውጤት ስለ ሕዝብ ለመናገር አይበቃም፤ ይህም በሪፖርቱ ላይ መጻፍ አለበት። የሪፖርቱ ነጥብም መስተዋቱ ስንት ጊዜ እንደሠራ ሳይሆን፣ ሠልጣኙ ያልሠራበትን ጊዜ ምን ያህል እንዳብራራ ታይቶ ቢሰጥ ይሻላል።

በመጨረሻ የሚቀረው ፎቶግራፎቹን መደምሰስ ነው። ፎቶግራፎቹን ብቻ ደምስሶ መተው አይበቃም፤ «አሠልጥን» በሚለው ትእዛዝ የተፈጠረው ፋይል የየሰዉን ፊት በቁጥር መልክ ይዞ ስለሚቀር እርሱም አብሮ መጥፋት ይኖርበታል። ድምሰሳው ተመዝጋቢዎቹ ባሉበት ይከናወን፤ ቀኑም በሪፖርቱ ላይ ይመዝገብ። መስተዋቱ ካሜራው ወልቆለት በኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት መግቢያ ቢሰቀል ሰዓቱን፣ የዕለቱን የክፍለ ጊዜ ድልድልና የመጻሕፍት መመለሻ ቀንን እንደ ቀድሞው ያሳያል።